በስልክ የጮኸው ብር

ደሴ ውስጥ እድር ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህን አይቷል። አንዱ ይነሣና ከስንት ዓመት በፊት ለድንኳን መግዣ ያዋጣትን ያችኑ አንዲት ነገር ለአምስተኛ ጊዜ መተረክ ይጀምራል። ያኔ ከኋላ ወንበር ጉሮሮውን የሚጠርግ አይጠፋም። ጠርጎም አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርጋል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል፤ ተናጋሪውም ወንበሩን በእጁ እየዳበሰ ይቀመጣል። እንግዳ ሰው አባባሏ ከቅድመ አያት የወረደች ትመስለዋለች። የዳውዶ ሰፈር ሰው ግን የት እንደተወለደች፥ ከማን አፍ እንደወጣች፥ በስንት ሰዓት እንደወጣች ሳይቀር ያውቃል። የተወለደችው የሰው አፍና አፍንጫ ሁሉ በጨርቅ በታሰረበት በ2012 ዓ.ም.፥ በሚያዝያ ወር፥ በጦይባ ይማም ደጃፍ ነው። የሰፈሩ ሰው ታሪኩን ደረቱን ነፍቶ ነው የሚያወራው፤ ደረት ሳይነፉ ማውራትም አይቻልም።

ጦይባ ያኔ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። አራዳ ላይ ከአንድ በር የማትሰፋ ሱቅ ነበረቻት፤ የምኒልክ ብር፥ ማርትሬዛ፥ ቤሳ፥ የድሮ ሳንቲም ትገዛለች፥ ትሸጣለች። በመስተዋቱ ሥር የተደረደረውን ሁሉ እጥፍ አድርገው ቢሰጧት የማትለውጠው አንድ ነገር ግን ነበራት፤ መዳፍ የምታህል፥ ልስልስ ያለች ጥቁር ድንጋይ።

ድንጋይዋ የአባቷ ናት። ይማም በዘመኑ በባቲ የሰኞ ገበያ፥ ከአንድ ግራር ሥር ተቀምጦ ብር የሚሰማ ሰው ነበር። ግመል ሸጦ በከረጢት ብር የተቀበለ ነጋዴ በቀጥታ ወደ እርሱ ይመጣል። ይማም ብሩን አንድ በአንድ ድንጋይዋ ላይ ይጥላል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ከዚያ «ይቺ ንጹሕ ናት፤ ይቺ እርሳስ ጠጥታለች፤ ይቺ ተሰብራ የተበየደች ናት» ይላል። ቃሉ ከወጣ ወይ ግመሉ ተሸጠ፥ ወይ ግመሉ ተመለሰ፤ ይግባኝ የሚባል ነገር የለም። ሰዉም ስሙን ብር አዋቂው ይማም አለው።

ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ መኖሩንም የተመኘ አይመስልም። ጦይባን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ዓይኗን በፎጣው እያሰረ አስተማራት። እርሱ ይጥላል፥ እርሷ ትናገራለች። «ብር እንደ ሰው ነው» ይላት ነበር። «ሁለት ብር አንድ ጉሮሮ የለውም። አንዱ ሙሽራ አንገት ላይ ኖሯል፥ አንዱ ገንቦ ውስጥ ተቀብሮ ከርሟል፥ አንዱ ከግመል ጀርባ ወድቋል። ኑሮው ሁሉ ድምፁ ላይ ይቀራል።» ልጅቱ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት የአባቷን ስሕተት ማረም ጀመረች። ይማምም ተቆጥቶ አልገሠጻትም፤ ይልቅ ለገበያው ሁሉ እየዞረ ተናገረ።

ከጦይባ ቤት ፊት ለፊት አያ ሙሄ የሚባሉ አንጥረኛ ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ምላሳቸው ግን ገና እንደ ወስፌ ነው። ይማምን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ያውቁት ነበር። በሰፈሩ የሚጣላ ቢኖር የሚያስታርቁት እርሳቸው፥ ሙሽራ ጌጥ ቢያስፈልጋት የሚሠሩት እርሳቸው ናቸው። ታዲያ በሠላሳ ዓመት ጉርብትና ጦይባን አንድም ቀን ብር አዋቂ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። ሁልጊዜ «የይማም ልጅ» ነው የሚሏት። «ብር አዋቂነትማ ከይማም ጋር አፈር ለብሷል። አሁን ያለው ብር ቸርቻሪ ነው» ይላሉ። ጦይባ ስቃ ታልፋለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ነገሩ ያንገበግባታል።

በሽታው ሲመጣ ሱቆች ተዘጉ። ከከተማ ከተማ ሰው መሄድ ቀረ፤ እህልና ዘይት የጫነ መኪና ብቻ ያልፋል። አንድ ወር ሙሉ ጦይባ አንዲት ቤሳ አልሸጠችም። የሚገርመው ግን የብር ገበያው አለመሞቱ ነው። ቤት የዋለ ሰው የእናቱን ሣጥን ይከፍታል፤ ከሣጥኑ ሥር ብር ያገኛል፤ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ይለቅቃል። ሰብሳቢውም እቤቱ ተኝቶ ጣቱን ስልክ ላይ እያንሸራተተ ይገዛል። ብር የሚሰማ ጆሮን የፈለገ አልነበረም። ጦይባ ዕቃዋን ከሱቅ ወደ ቤት አምጥታ፥ ጥቁሯን ድንጋይ መስኮት ላይ አስቀምጣ ትውል ነበር። የቀሯት የአባቷ ሁለት ብሮች ናቸው፤ እነርሱን ደግሞ ጾሟን ብታድር አትሸጥም።

በዚህ መሐል አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ አቶ ልሳነወርቅ ከተፍ አሉ። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ብር ሰብስበዋል። የጦይባ የቆየ ደንበኛ ሲሆኑ አንድ ጉድለት ብቻ አለባቸው፤ አንድ ነገር ከወደዱ ችኮላቸው አይጣል ነው። የዚያን ቀን መሸፈኛ ጨርቃቸው አገጫቸው ሥር ወርዶ፥ ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቀው ቆሙ፤ እግራቸው ግን መቆም አቅቶታል።

«እቴ ጦይባ፥ ቶሎ ውጪ! መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል!»

«መጀመሪያ እንደምን አደርሽ ይባላል፥ ጋሽ ልሳኑ» አለች ጦይባ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ እያደረገች።

«እንደምን አደርሽ፥ እንደምን ሰነበትሽ፥ እንደምን ከረምሽ፤ ሦስቱንም አልኩልሽ። በይ አሁን ይህንን እዪ!»

ስልካቸውን ዘርግተው ከሩቅ አሳዩዋት። በቀይ ጨርቅ ላይ የተደረደሩ ዐሥር የምኒልክ ብሮች ናቸው፤ በሁሉም ላይ አንበሳው ግራ እግሩን አንሥቷል። ግራ እግሩን ያነሣ አንበሳ ያለበት ብር እንደ ልብ አይገኝም፤ ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። አቶ ልሳነወርቅ ራሳቸው ሠላሳ ዓመት ፈልገው አንድ አላገኙም።

«ዐሥር!» አሉ። «ሰውየው ጥጋቡ ይባላል፤ ወልድያ ነኝ ይላል። በገንዘብ አይሸጥም፤ በለውጥ ነው። ዛሬ የዘይት መኪና ወደዚያ ስለሚሄድ የእኔን በሾፌሩ እልካለሁ፤ የእርሱን ደግሞ ያው መኪና ሲመለስ ያመጣልኛል።»

«በምንድን ነው የሚለውጡት?»

አቶ ልሳነወርቅ ከኮታቸው ውስጥ መሐረብ አወጡና ፈቱት። በመሐረቡ ውስጥ አንዲት ትንሽ የወርቅ ገንዘብ ነበረች፤ የምኒልክ ናት። ጦይባ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ አይታታለች። አባታቸው በሠርጋቸው ቀን እጃቸው ላይ ያስቀመጡላቸው ስጦታ ናት፤ አቶ ልሳነወርቅ ለስንት ገዥ እምቢ ያሉባት።

«ይቺ የአባትዎ አይደለችም እንዴ?»

«የአባቴ ናት። አባቴ አንድ ነው የተወልኝ፤ እኔ ግን ለልጆቼ ዐሥር እተውላቸዋለሁ!»

ጦይባ ወርቋን ትኩር ብላ አየቻት። እርሳቸው ቀጠሉ። «ይኸውልሽ፥ በእኔ ቢሆን ኖሮ ወርቁን ጧት ነበር የምልከው። ባለቤቴ ናት ‹ጦይባ ብሩን ሳትሰማው ወርቁ ከዚህ ቤት አይወጣም› ብላ በር ላይ የቆመችብኝ። እኔ ደግሞ የድለላሽን አልረሳም፤ ጥሩ ነው ካልሽ ከዐሥሩ አንዱ ያንቺ ነው።»

«መጥፎ ነው ካልኩስ?»

«መጥፎ ለምን ትያለሽ?» አሉ እየሳቁ።

የብር ገበያ ደንቡ እንዲህ ነው፤ ድለላ የሚከፈለው ለተሸጠ ነው። ያልተሸጠ ነገር ባለሙያም ቢመክርበት ሰላምታ እንጂ ሳንቲም የለውም። ጦይባ ቤት ውስጥ የቀረው ዱቄት ስንት ቀን እንደሚያደርሳት ታውቃለች። ከዚያ ብር አንዱ ቢደርሳት ክረምቱን ትሻገርበታለች። ልቧ ብሩ ጥሩ ይሆን ዘንድ ለመነ፤ ይህን በኋላ ራሷ ሳታፍር ተናግራለች።

ወሬው በጠባቧ መንገድ ላይ ስለነበረ ሰፈሩ ሰማ። ሥራ የፈታ ሰው ሁሉ በየበሩ ብቅ አለ። አያ ሙሄም መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡ።

«የይማም ልጅ፥ ዛሬ ደግሞ ብር በስልክ ልትሰሚ ነው?» አሉ።

«ሰው ሀዘን እንኳ በስልክ ይደርስ የለም አያ ሙሄ? ዘመኑ ነው፤ ምን ይደረግ።»

አቶ ልሳነወርቅ ደወሉና ድምፁን ከፍ አድርገው ስልኩን በደረጃው ላይ አስቀመጡት። ባለብሩ ጥጋቡ ምላሱ ቅቤ የተቀባ ሰው ነበር። ለሁሉም እግዜር ይስጥልኝ፥ ለሁሉም ጤናችሁን አለ። ብሩ ሲወድቅ በምስል እንዲታይ ቢጠየቅ ግን ኔትወርኩ አይችልም አለ። ያ ምስኪን ኔትወርክ በዚያ ዓመት የስንቱን ሰው ኃጢአት ተሸክሟል!

«ወንድሜ፥ ምን ላይ ነው የምትጥለው?» አለች ጦይባ።

«ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ ላይ።»

«እንጨት ድምፅ ይበላል። ሲሚንቶ ላይ ጣለው። ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ በእጅህ አትያዘው።»

«እሺ እናቴ። ይኸው አንደኛዋ።»

ጦይባ ዓይኗን ጨፈነች። ብሩ ወደቀ። ቅጭል ብሎ ጮኸ፤ ጥርት ያለ፥ ረዘም ያለ ድምፅ ነው። ስልክ ድምፅን ያቀጥናል እንጂ ባሕርዩን አይለውጥም፤ ጦይባ ብር መሆኑን ወዲያው አወቀች፤ ደስም አላት። ድምፁ ሊያልቅ ሲል ግን ትንሽ ታነቅ አለ፤ ንግግሩን ሳይጨርስ ምራቁን እንደሚውጥ ሰው። ጦይባ ያን ታውቀዋለች። ብሩ በድሮ ጊዜ ማንጠልጠያ ተበይዶበት የአንገት ጌጥ ነበር፤ በኋላ ማንጠልጠያው ተነቅሎ ጠባሳው ቀርቷል።

«ይኸው ሁለተኛዋ» አለ ጥጋቡ። ብሩ ጮኸ። መጨረሻው ላይ ታነቀ።

ይህችም ጌጥ ነበረች ማለት ነው አለች በልቧ። ሙሽሮች አንድ ላይ ያንጠለጥሏቸዋልና ሁለት እንዲህ ያሉ መገኘታቸው አያስገርምም።

«ሦስተኛዋ።» ጮኸ፤ እዚያው ላይ ታነቀ። ጦይባ ዓይኗን ገለጠች፤ መልሳ ጨፈነች።

አራተኛዋ ላይ አያ ሙሄ ከዱካቸው ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ብር ነው!» አሉ ጮክ ብለው። «ይህማ ለእኔም ገባኝ። ንጹሕ ብር ነው!» አቶ ልሳነወርቅ እጃቸውን አፋተጉ፤ በየበሩ የቆመውም ሰው አጉተመተመ። የአያ ሙሄ ቃል በዚያ ሰፈር ቀላል ነገር አይደለም።

ጥጋቡ ቆጠራውን ቀጠለ። አምስተኛዋ፥ ስድስተኛዋ፥ ሰባተኛዋ፥ ስምንተኛዋ። ጦይባ ሁሉንም ሰማች። ዐሥረኛዋ ዝም ስትል ዓይኗን ገለጠችና አቶ ልሳነወርቅን አየቻቸው።

«ብሩ ደህና ነው» አለች።

«አላልኩም!» ብለው መሐረባቸውን አነሡ። «አለቀ በቃ! ልሂድ፥ ሾፌሩ...»

«ይቆዩ እንጂ። አንዱ ብር ደህና ነው ነው ያልኩት። ዘጠኙን ገና አልሰማኋቸውም።»

አቶ ልሳነወርቅ መሐረቡን እንደያዙ ዞሩ። «ምን ማለትሽ ነው? ዐሥር አይደል እንዴ የጣለው? እኔው በጣቴ ቆጥሬያለሁ!»

«የጣለው ዐሥር ጊዜ ነው፤ ብሩ ግን ያው አንድ ብር ነው። አንሥቶ ይጥለዋል፥ አንሥቶ ይጥለዋል።»

በስልኩ ውስጥ ጥጋቡ ሳቀ። «እናቴ፥ ዕድሜ ይስጥሽ፤ ተጫዋች ነሽ» አለ።

አቶ ልሳነወርቅ ግን አልሳቁም፤ ፊታቸው ቀላ። «ጦይባ፥ ተይ! በስልክ ውስጥ ይህ ያ ነው፥ ያ ይህ ነው የሚል ፍጡር የት አለ? በሚዛን መዝኖ ፎቶውን ልኮልኛል። አንበሳውን በዓይኔ አይቻለሁ። ወይስ...» ቆም አሉ። «ወይስ ሱቅሽ ስለተዘጋ ሌላው እንዳይገበያይ ነው የምትፈልጊው?»

ነገሩ ክፉ ነበር፤ ሰዉም ሰምቶታል። ጦይባ ወደ አያ ሙሄ ዞረች።

አያ ሙሄም አላገዟትም። «የይማም ልጅ» አሉ፥ ዝግ ብለው። «አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፥ እርሱ እንኳ እንዲህ ያለ ነገር አላለም። ብሩ ብር ነው፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። ያልሽው ነገር ሐሰት ከሆነ የራስሽን ብቻ አይደለም፤ የእርሱንም ስም ነው ይዘሽ የምትወድቂው። ቃልሽን መልሺ፤ አሁን ቢሆን ማንም አይታዘብሽም።»

ጦይባ ፈራች። እሺ ብትል ብር ይደርሳታል፤ ሰውም ያመሰግናታል። እምቢ ብላ ብትሳሳት ደግሞ ከዚያ በኋላ ደሴ ውስጥ ብር የሚያሰማት ሰው አይኖርም፤ የይማም ስምም መሣቂያ ይሆናል። የአቶ ልሳነወርቅ አባት ወርቅ ግን በዚያች መሐረብ ውስጥ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በመኪና ተጭኖ ሊሄድ። ጆሮዋን ደግሞ ታውቀዋለች።

«ቃሌን አልመልስም» አለች። ገብታ ጥቁሯን ድንጋይና የአባቷን ሁለት ብሮች ይዛ ወጣች። ድንጋይዋን በደረጃው ላይ፥ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጠች። «ሁላችሁም ስሙ። ይህ አንዱ ነው» ብላ ጣለችው፤ ወፈር ያለ ድምፅ ሰጠ። «ይህ ሌላው ነው» ብላ ጣለች፤ ቀጠን ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁለቱን በሁለት እጇ ይዛ ጠርዝ ለጠርዝ አጋጨቻቸው። ወፍራሙና ቀጭኑ አንድ ላይ ጮኹ፤ ሁለት ሰው ተቀባብሎ እንደሚያዜም። መንገዱ ሙሉ ሰው ልዩነቱን ሰማ።

«ሁለት ብር ሲጋጭ እንዲህ ነው» አለች። «አንዱን ብር ደጋግሞ መጣል ይቻላል። አንዱን ብር ከራሱ ጋር ማጋጨት ግን አይቻልም። ወንድም ጥጋቡ፥ እንግዲህ ሁለቱን አጋጭልኝ።»

ጦይባ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ወንድም ጥጋቡ?»

«አለሁ፥ አለሁ። የምን ማጋጨት ነው? ይቧጨራል እኮ! የጥንት ዕቃ እንዲህ አይደረግም።»

«ለተቧጨረው ኃላፊነቱ የእኔ ነው። የአባቴ ሁለት ብሮች ይኸው፤ ዐሥሩ ዐሥር ሆኖ ከተገኘ ዛሬ በዚያው መኪና ይምጡልህ። ጋሽ ልሳኑ ምስክር፥ አያ ሙሄ ምስክር፥ ሰፈሩ ምስክር።»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ጦይባ እነዚያን ሁለት ብሮች ጾሟን እያደረች እንዳልሸጠቻቸው የማያውቅ አልነበረም። አያ ሙሄ ዱካቸው ላይ ቀና አሉ።

«አጋጨው እንጂ፥ ምን ቸገረህ!» አሉ አቶ ልሳነወርቅም፤ አሁን ድምፃቸው እንደ ጧቱ አልነበረም።

ጥጋቡ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው አለ። እንጠብቅሃለን አሉት። እጄ ላይ ሳኒታይዘር አለ አለ። ጠርገው አሉት። ምክንያቱ ሲያልቅበት፥ ምን ይሰማሉ ብሎም ይሆናል፥ አጋጨ።

ያው ጥርት ያለው ብር መጮህ ጀመረ፤ ከአጠገቡ ግን ቀጭ የሚል የሞተ ድምፅ ነበር፤ ሸክላ በድንጋይ ሲመታ የሚሰማ ዓይነት። ለማወቅ የይማም ልጅ መሆን አላስፈለገም፤ በየበሩ የቆመው ሰው ሁሉ ሰማው።

«እርሳስ!» ብለው አያ ሙሄ ከዱካቸው ብድግ አሉ። «ሁለተኛው እርሳስ ነው!»

ስልኩ ተዘጋ።

ከመታጠፊያው የመኪናው ጡሩምባ ተሰማ፤ ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ጋሼ፥ ትልካለህ ወይስ ልሂድ?» አለ። አቶ ልሳነወርቅ መሐረቡን በደረታቸው አጥብቀው ይዘው፥ በሌላ እጃቸው ሂድ ሂድ አሉት። መኪናው ዘይቱን ጭኖ ሄደ። እርሳቸውም የጦይባ ደጃፍ ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ፤ መሐረቡንም ጭናቸው ላይ አድርገው ቋጠሩት።

«ያባቴን ወርቅ» አሉ። «በእርሳስ! ምን ነካኝ? ጦይባ፥ ያልኩሽን ሁሉ... ይቅር በይኝ።»

«ኧረ አብሽሩ ጋሽ ልሳኑ። እኔም ብሩ ጥሩ በሆነ ብዬ ስመኝ ነበር።»

«ንገሪኝ ስንት ልክፈልሽ። ወርቄን አተረፍሽልኝ።»

«ድለላ ለተሸጠ ነው። ዛሬ የተሸጠ ነገር የለም።» ብሮቿን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። «ለባለቤትዎ ለእሜቴ ግን ሰላም በሉልኝ፤ በሩ ላይ የቆሙት እርሳቸው ናቸው።»

እሜቴ ሰላምታውን ተቀብለው ዝም አላሉም፤ በማግሥቱ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ደጃፏ ላይ አስወርደውላታል። ያ ግን የማግሥቱ ነው። በዚያች ሰዓት ጦይባ ባዶ እጇን ቆማ ነበር፤ ያን ቀን እንደቆመችው ኮርታ ቆማ አይቻት አላውቅም የማይል የሰፈር ሰው የለም።

አያ ሙሄ መንገዱን ተሻገሩ። ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው እንደ ደንቡ ቆሙና ድንጋይዋን አዩዋት። ቀጥሎም ጦይባን አዩ።

«እኔ ስድሳ ዓመት ብር ቀጥቅጬ ብር ነው አልኩ» አሉ። «ብሩ ብር ነበር፤ አልተሳሳትኩም። ነገር ግን እኔ የሰማሁት ብሩን ነው፤ አንቺ ሰውየውን ሰማሽው። ይማም ቢኖር ዛሬ ባቲን በሙሉ ዞሮ ይናገርልሽ ነበር። ይማም ከሌለ እኔ እናገራለሁ።» ወደ ሰዉ ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ከዛሬ ጀምሮ ይህችን ሴት የይማም ልጅ ብሎ የሚጠራ እንዳልሰማ። ብር አዋቂዋ ጦይባ ናት!»

ጦይባ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። በየበሩ ያለው ሰው መጨባበጥ ስላልተፈቀደ አጨበጨበ።

በዚያ ጭብጨባ መሐል ስልኩ እንደገና ጮኸ። አቶ ልሳነወርቅ ከፈቱት፤ ጥጋቡ ነው፤ ያ ቅቤው ምላስ ደርቋል።

«ስሜን በሰው ፊት ልታጠፉት ነው?» አለ። «እናቴ ትሙት፥ ፍርዱን ከእናንተው ነው የምጠይቀው! ጣለው አላችሁኝ፥ ጣልኩ። ቁጠር አላችሁኝ፥ ቆጠርኩ። አንድ ጊዜ አይደለም፥ ሁለት ጊዜ አይደለም፥ ዐሥር ጊዜ ነው አስጩኼ ያሰማኋችሁ! ሽማግሌውም ‹ብር ነው› ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዐሥር ጊዜ ጮኾ ከሰማችሁት በኋላ ዐሥር ብር አይደለም የምትሉኝ በምን ሕግ ነው?»

አቶ ልሳነወርቅ ተናደው ሊመልሱ ሲነሡ አያ ሙሄ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው፤ ጉሮሮአቸውን ጠርገው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉና፥ ባልና ሚስት በሚያስታርቁበት በዚያ ዝግ ባለ ድምፃቸው «ልጄ» አሉ፤ «አንድ ብር ዐሥር ጊዜ ቢጮህ፥ ዐሥር ብር አይሆንም።»